የብየዳ ጭስና የሳንባ ምች፦ በብረት ሥራ ላይ ያላችሁ ሳንባችሁን እንዴት እንደምትጠብቁ

ይሄን ጥያቄ ደጋግሜ ስለምጠየቅ ነው የምጽፈው። አንዱ «ስበይድ ውዬ ማታ ትኩሳት ያዘኝ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ጭሱ ነው ወይስ ኒሞኒያ?» ይለኛል፣ ሌላው ደሞ «ጭስ እኮ ባክቴሪያ አይደለም፣ እንዴት አድርጎ የሳንባ ምች ያመጣል?» ይላል። ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለየብቻ ስመልስ የምረሳው ነገር ስለሚኖር ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ፣ ስትቸኩሉ ቢያንስ ደረጃ 4 ን እና ደረጃ 9 ን አንብቡ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚመጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ካልገባችሁ ከታች ያለው ሁሉ ዝም ብሎ ማስቸገር ይመስላችኋል። ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። የብየዳ ጭስ ደሞ አብዛኛው ከአንድ ማይክሮን በታች የሆነ የብረት ብናኝ ነው፣ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫ ላይ አይቀርም፣ እስከ ሳንባ መጨረሻ ድረስ ይወርዳል። እዛ ሲደርስ ባክቴሪያ እየለቀሙ የሚያጠፉትን የሳንባ ጠባቂ ህዋሳት ያዳክማል፣ ኒሞኮከስ የሚጣበቅበትን ቦታ በሳንባ ህዋሳት ላይ ያበዛለታል፣ ላዩ ላይ ደሞ በብናኙ ውስጥ ያለው አይረን (የብረት ማዕድን) ለብዙ ባክቴሪያ ምግብ ነው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ሰውነታችን በቀላሉ የሚያሸንፈው ባክቴሪያ በያጅ ላይ ሲሆን ይበረታል። ብዙ በያጅ ተጠጋግቶ የሚሠራበት መርከብ መሥሪያ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የታመመበት አጋጣሚ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት፣ በ2019 ደሞ ፊንላንድ ቱርኩ ላይ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ በጣም በጣም አልፎ አልፎ የሚታይ ግን ገዳይ የሆነ አለ። ባሲለስ ሴሬየስ ከሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ዘመዶች ውስጥ አንዳንዶቹ የአባ ሰንጋን መርዝ ያመነጫሉ። አሜሪካ ውስጥ ቴክሳስና ሉዊዚያና ላይ ከ1994 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ሰባት የብረት ሠራተኞች በዚህ ከባድ የሳንባ ምች ታመው አምስቱ ሞተዋል። ይሄን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ምን ማለት እንዳለባችሁ ስለሚቀይር ነው፣ ደረጃ 10 ላይ እመለስበታለሁ።

አንድ ደስ የሚል ነገርም አለ። የኒሞኒያው አደጋ በዋናነት የተያያዘው ሰሞኑን ከምትተነፍሱት ጭስ ጋር ነው፣ ጭሱ ሲቀር አደጋውም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ «ሃያ ዓመት ተነፍሼዋለሁ አሁን ማስክ ምን ይሠራልኛል» አትበሉ፣ ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማስክ (ቁጥሮቹ የማጣሪያ ደረጃ ናቸው፣ ማሸጊያው ላይ ይጻፋሉ)፦ ቢያንስ ኤን95 (N95)፣ ከተቻለ ኤፍኤፍፒ3 (FFP3)፣ ቀኑን ሙሉ ለሚበይድ ደሞ ፒ3 (P3) ወይም ፒ100 (P100) ፊልተር የሚገባለት የጎማ ግማሽ ፊት ማስክ። አቅም ካለ አየር እያጣራ የሚነፋው ሄልሜት ከሁሉም ይሻላል
- ጭስ መምጠጫ፣ ክንዱ የሚንቀሳቀስ
- ተራ ፋን
- ጠንካራ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ
- የሽቦ ብሩሽና ግራይንደር፣ ቀለምና ሽፋን ለማንሳት
- ሄፓ (HEPA) ፊልተር፣ ማለት ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ፣ ያለው ቫኪዩም፣ ከሌለ እርጥብ መወልወያ
- ሳሙናና ውሃ፣ ቅያሪ ልብስ
- ቴርሞሜትር እና ጣት ላይ የሚሰካው ኦክሲጅን መለኪያ (ኦክሲሜትር)
- ማስታወሻ፣ ስልካችሁ ላይም ይሆናል

ደረጃ 1፦ ከመበየዳችሁ በፊት ብረቱ ምን እንደሆነና ምን እንደተቀባ እወቁ

ቀለም፣ ዘይት፣ ዚንክ (ጋልቫናይዝድ)፣ ፕራይመር፣ እነዚህ ሁሉ ሲቃጠሉ ጭስ ይጨምራሉ። ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽፋኑን አንሱት። ስትፈጩት ደሞ ማስክ አድርጉ፣ አቧራውም ያው ነው። ይሄ ደረጃ የሚጠቅመው ያልተፈጠረ ጭስ ማጣራት ስለማያስፈልገው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ካድሚየም የተቀባ ብረት (አንዳንድ የቆየ ብሎን ላይ አለ) አትበይዱ፣ ጭሱ በራሱ ሳንባን ያቃጥላል። ክሎሪን ባለው ማጽጃ፣ ለምሳሌ አንዳንዱ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ያጸዳችሁትንም ብረት አትበይዱት፣ የብየዳው ሙቀትና ጨረር ፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ ያወጣበታል። የማጽጃው ቆርቆሮ ላይ «ክሎሮ» የሚል ነገር ካያችሁ ሌላ ማጽጃ ተጠቀሙ።

ደረጃ 2፦ ጭሱ የት እንደሚሄድ በዓይናችሁ እዩ

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጓደኛችሁ ሲበይድ ከጎን ሆናችሁ (ዓይናችሁን ከአርኩ፣ ማለት ከብየዳው ደማቅ ብልጭታ፣ ከልሉ) ባትሪውን በጭሱ ውስጥ አሳልፋችሁ አብሩት፣ በመስኮት በገባ የጸሐይ ጮራ ውስጥ አቧራ እንደሚታየው በመደበኛ መብራት የማይታየው ጭስ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደነገጥኩ፣ ክፍሉ ንጹህ ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ ጭሱ ግን ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሄልሜቱ ሥር ገብቶ እዛው ይሽከረከር ነበር። ጭስ ትኩስ ስለሆነ ቀጥታ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ እናንተ ደሞ ሥራውን ለማየት አንገታችሁን እላዩ ላይ ትደፋላችሁ። ብረቱን አዙሩት፣ ከፍ አድርጉት፣ ወይ ጎን ቁሙ፣ ብቻ ጭንቅላታችሁ ከጭሱ ዓምድ ውጪ ይሁን። ምንም ወጪ የለውም፣ ለውጡ ግን ትልቅ ነው።

ደረጃ 3፦ መምጠጫውን አስጠጉት

መምጠጫ ገዝተው ጣሪያ ላይ የሚሰቅሉ አሉ፣ አይሠራም። የመምጠጫ አፍ ጉልበቱ ስትርቁ በጣም ቶሎ ነው የሚወድቀው፣ የአፉን ስፋት ያህል ብቻ ከራቃችሁ የመሳብ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ማለት አፉ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ዘጠና በመቶው ጉልበት ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ በተበየደ ቁጥር ክንዱን እየጎተታችሁ ከሥራው ጋር አንቀሳቅሱት፣ ከአርኩ ትንሽ ከፍ ብሎ በጎን በኩል ይሁን፣ ጭሱ ወደ እሱ ሲሄድ ፊታችሁን እንዳያልፍ።

ፋን ብቻ ካላችሁ ከጎን በኩል አድርጉት። ከኋላችሁ ካደረጋችሁት ነፋሱ ሰውነታችሁን ዞሮ ፊት ለፊታችሁ ይሽከረከርና ጭሱን መልሶ ፊታችሁ ላይ ያመጣዋል። በሚግና በቲግ (መከላከያ ጋዝ እየነፉ በሚሠሩት የብየዳ ዓይነቶች) ስትሠሩ ደሞ ንፋሱ ከበረታ መከላከያ ጋዙን ስለሚበትነው ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆንባችኋል፣ ፋኑን አራቁትና ዝግ አድርጉት። ፋን ጭሱን አያጠፋውም፣ ወደ ጎረቤታችሁ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ በር ወይም መስኮት ክፍት ወዳለበት አዙሩት።

ትልቅ ማስጠንቀቂያ፦ ታንክ ውስጥ ወይም ጠባብ ቦታ ገብታችሁ «አየር እንዲገባ» ብላችሁ ኦክሲጅን በጭራሽ አትክፈቱ። ልብሳችሁ በአንዲት ፍንጣሪ እንደ ቤንዚን ይነዳል። ጠባብ ቦታ ላይ የሚነፋው ንጹህ አየር ብቻ ነው፣ ውጪ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖርም አትግቡ፣ መከላከያ ጋዞቹ አርጎን እና ካርቦንዳይኦክሳይድ አየሩን ገፍተው ሳታውቁት ራሳችሁን ትስታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ማስኩን በትክክል አድርጉ

የብየዳ ሄልሜት ዓይንና ፊት ነው የሚጠብቀው፣ ሳንባን አይጠብቅም። ፎጣ፣ ሻርፕ፣ ሰማያዊው የሐኪም ማስክ፣ እነዚህ ለብየዳ ጭስ አይሆኑም፣ በጎን በኩል ክፍት ስለሆኑ አየሩ በቀላሉ መንገድ ነው የሚገባው።

አደራረጉ እንዲህ ነው፦

ሀ. ጺማችሁን ተላጩ። የማስኩ ጠርዝ ከቆዳ ጋር ካልገጠመ ፊልተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም፣ የሁለት ቀን ጺም እንኳን ክፍተት ይፈጥራል። ጺም መላጨት የማትችሉ ከሆነ አየር የሚነፋው ልቅ ሄልሜት ነው የሚሻላችሁ።

ለ. ላይኛውን ላስቲክ አናት ላይ፣ ታችኛውን ከጆሮ በታች ማጅራት ላይ አድርጉ። ሁለቱንም አንድ ላይ አንገት ላይ የሚያደርግ ሰው ማስኩ ከአፍንጫው በኩል ይከፈትበታል።

ሐ. የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት እጅ ሁለት ሁለት ጣት ጫኑት፣ በአንድ እጅ ከቆነጠጣችሁት መሐሉ ይታጠፋል።

መ. በሁለት እጅ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ፣ አየር ወደ ዓይናችሁ ወይም ወደ ጉንጫችሁ ካመለጠ እንደገና አስተካክሉ።

ሠ. ማታ ስታወልቁ መስታወት እዩ። እኔ በጣም የማምነው ፈተና ይሄ ነው። ማስኩ የነበረበት ቦታ ንጹህ ሆኖ ዙሪያው ከጠቆረ ገጥሟል። ከአፍንጫ ጎን ወደ ውስጥ የሚገባ ጥቁር መስመር ካያችሁ ግን ጭሱ ቀኑን ሙሉ በዛች መስመር ሲገባ ነበር ማለት ነው። አፍንጫችሁን ስትናፈጡ ጥቁር ከወጣም ያው ነው።

ኤን95 እና ኤፍኤፍፒ3 አይታጠቡም፣ ሲቆሽሽ ወይም መተንፈስ ሲከብድ ይጣላል። የጎማውን አካሉን በሳሙና ታጥባላችሁ፣ ፊልተሩን ግን ውሃ አታስነኩት። ማስክ ከሰው ጋር አትዋዋሱ፣ ስለ ባክቴሪያ እያወራን እኮ ነው።

ደረጃ 5፦ ወለሉን በአየር አትንፉ

ከሥራ በኋላ በኮምፕረሰር ወለሉንና ልብሱን መንፋት ልማድ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ የወረደውን ብናኝ መልሳችሁ አየር ላይ ታስነሱታላችሁ፣ በዛ ሰዓት ደሞ ሁሉም ማስኩን አውልቋል። በቫኪዩም ወይም በእርጥብ አጽዱ።

ደረጃ 6፦ እጅ፣ ምግብ፣ ልብስ

ከመብላታችሁና ከማጨሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የሥራ ቦታው ላይ አትብሉ፣ የውሃ ኩባያ አትጋሩ። የሥራ ልብሱን ቀይራችሁ ሂዱ። የሳል በሽታ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚዞረው፣ ተጠጋግታችሁ የምትሠሩና አብራችሁ የምታድሩ ከሆነ ደሞ ይብሳል።

ደረጃ 7፦ ቶርኖና ፍሬዛ (የብረት መቅረጫ ማሽኖች) ላይ ለምትሠሩ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ

ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው ማቀዝቀዣ ዘይት ባክቴሪያ ይራባበታል። ከእረፍት ቀን በኋላ ማሽኑን ስታስነሱ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ ቆሞ ሲውል ባክቴሪያው ተራብቷል ማለት ነው። ሽታውን የሚያጠፋ ነገር ጨምሮ መቀጠል ትልቅ ስህተት ነው፣ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ አጥባችሁ አዲስ ቀላቅሉ። የማሽኑን በር ወይም መከላከያ ዝጉ፣ ከቆመ በኋላ ከማቀዝቀዣው የተነሳው ጉም እስኪወርድ ጠብቃችሁ ክፈቱ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) እና የዘይቱንና የውሃውን ድብልቅ መጠን በየሳምንቱ መለካት ያስፈልጋል፣ ፒኤቹ ድንገት ከወረደ ባክቴሪያ እየበዛ ነው። ከዚህ ጉም የሚመጣው አብዛኛው ችግር የሳንባ አለርጂ ነው፣ ሥራ ላይ ሆናችሁ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ብሶባችሁ እረፍት ስትወጡ የሚሻላችሁ ከሆነ ይሄንኑ ለሐኪም ተናገሩ።

ደረጃ 8፦ ክትባትና ሲጋራ

የኒሞኮከስ ክትባት አለ፣ ለበያጆችም ይጠቅማል። እንግሊዝ አገር የብረት ጭስ በብዛት ለሚነካቸው ሠራተኞች በመመሪያ ይመከራል፣ ቱርኩ ላይም በሽታው ሲነሳ ለሠራተኞቹ የተሰጠው እሱ ነበር። ሐኪም ጋር ሄዳችሁ «በያጅ ነኝ፣ የኒሞኮከስ ክትባት ይገባኛል ወይ» ብላችሁ ጠይቁ፣ የትኛው ዓይነት እንደሚሻላችሁ እሱ ይነግራችኋል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም በየዓመቱ ውሰዱ፣ ብዙ ጊዜ ከባዱ የሳንባ ምች ከጉንፋን ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ክትባት ግን ሁሉንም ባክቴሪያ አይከላከልም፣ ባሲለሱን ጨርሶ አይነካውም፣ ስለዚህ ማስኩ አይቀርም።

ሲጋራ በራሱ የሳንባ ምች አደጋን ይጨምራል፣ ከጭስ ጋር ሲደመር ደሞ ሳንባው ማረፊያ አያገኝም። ማቆም ካቃታችሁ እንኳን ሥራ ቦታ ላይ በቆሸሸ እጅ አታጭሱ።

ደረጃ 9፦ ትኩሳት ሲመጣ፣ የዚንክ ነው ወይስ የሳንባ ምች?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የብረት ጭስ ትኩሳት (የዚንክ የምንለው) ጋልቫናይዝድ ከበየዳችሁ ከ4 እስከ 10 ሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ቤት ከገባችሁ በኋላ። አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል፣ ጉሮሮ ይደርቃል፣ ውሃ ይጠማል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሰውነት ይቆረጣጠማል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይለቃል። በየሰዓቱ እየቀለለ ነው የሚሄደው።

የሳንባ ምች ተቃራኒው ነው፣ እየባሰ ይሄዳል። ትኩሳቱ አይወርድም ወይ ወርዶ ይመለሳል፣ የሚያንዘፈዝፍ ብርድ ይመጣል፣ ወደ ውስጥ ስትተነፍሱ አንድ ጎን ላይ እንደ ጩቤ የሚወጋ ውጋት ይኖራል፣ አክታው ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ የዛገ ብረት የሚመስል ወይም ደም ያለበት ይሆናል፣ ትንሽ ስትራመዱ ትንፋሽ ያጥራችኋል።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው። ጋልቫናይዝድ ሳትበይዱ ትኩሳት ከመጣ የዚንክ ነው አትበሉ። ጋልቫናይዝድ በይዳችሁም ቢሆን 48 ሰዓት አልፎ ካልለቀቃችሁ ሐኪም ጋር ሂዱ። ከነዚህ አንዱ ካለ ደሞ 48 ሰዓቱንም አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ሂዱ፦

- ተቀምጣችሁ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ፣ ወይም በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ የምትተነፍሱ ከሆነ (ሰው ደረታችሁን እያየ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠር)
- ደም ያለው አክታ
- ከንፈር ወይም ጥፍር መጥቆር ወይም ሰማያዊ መሆን
- መቀባዠር፣ ግራ መጋባት፣ መነሳት አለመቻል
- ኦክሲሜትሩ 92 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ። 93 እና 94 ከሆነም በዚያው ቀን ሐኪም አነጋግሩ። ጣታችሁ ቅባት ወይም ብናኝ ካለበት ታጥባችሁ ለኩ፣ መሣሪያው ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው ከተጨነቀ ሰውየውን እመኑ

አብሮኝ የሠራ ልጅ አራት ቀን «ዚንክ ነው ያልፋል» እያለ ተኝቶ ቆይቶ አምስተኛው ቀን ደረጃ መውጣት አቅቶት ነው የወሰድነው። ተርፏል፣ ግን ሦስት ሳምንት ተኛ። ሁለተኛው ቀን ላይ ባየነው ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች፦ ወተት ጠጥቶ «ጭሱን ያወርደዋል» ማለት (ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው)፣ ካለፈው የተረፈ አሞክሳሲሊን መጀመር፣ ሁለት ቀን ሲሻል መድኃኒቱን ማቋረጥ፣ ትኩሳት ማስታገሻ ውጦ ሥራ መግባት። የተረፈውን አንቲባዮቲክ መጀመር በተለይ ጉዳቱ ብዙ ነው፣ እነ ባሲለስ ሴሬየስ ብዙ ጊዜ እንደ አሞክሳሲሊን ላለ የፔኒሲሊን ዓይነት መድኃኒት አይበገሩም፣ ደሞ ግማሽ ግማሹን ከወሰዳችሁ በኋላ የሚደረገው የደም ምርመራ ባክቴሪያውን ላያሳይ ይችላል፣ ሐኪሙ በጨለማ ይሠራል።

ደረጃ 10፦ ሐኪም ቤት ስትደርሱ ምን ትላላችሁ

ሥራችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ። ብዙ ቦታ «ምን ትሠራለህ» የሚል ጥያቄ አይመጣም። ስልካችሁ ላይ ይሄን ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ መናገር ቢያቅታችሁ እንኳን ያሳያል፦

«በያጅ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የበየድኩት (የብረቱ ዓይነትና ሽፋኑ)። የሠራሁት (ክፍት ቦታ / ዝግ ቦታ)። ትኩሳቱ የጀመረው (ቀንና ሰዓት)። የወሰድኩት መድኃኒት (ስሙ)። የኒሞኮከስ ክትባት (ወስጃለሁ / አልወሰድኩም)።»

አንድ ነገር ጨምሩ፣ በተለይ ሁኔታው ከባድ ከሆነ። ባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን አብቅሎ የሚያይ ምርመራ) ላይ ሲበቅል ላቦራቶሪዎች ብዙ ጊዜ ከቆዳ የገባ ብክለት ነው ብለው ይተዉታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናቸው። በጠና የታመመ በያጅ ላይ ግን እንደዛ መታለፍ የለበትም። ስለዚህ ታማሚው ወይም አስታማሚው በትህትና «ብረት ሠራተኛ ስለሆነ ባሲለስ ከበቀለ ብክለት ነው ተብሎ እንዳይታለፍ» ብሎ ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪም ይሄን ሲሰማ አይቆጣም፣ የሚያስፈልገው መረጃ ነው።

ደረጃ 11፦ ወደ ሥራ መመለስ

ትኩሳቱ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይጠፋል፣ የደረት ሕመሙና አክታው በአራት ሳምንት ገደማ፣ ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ በስድስት ሳምንት ገደማ ይቀንሳል፣ ድካሙ ግን እስከ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ይሄን የምነግራችሁ በሁለተኛው ሳምንት ደክሟችሁ «ምን ሆንኩ» ብላችሁ እንዳትጨነቁ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ወይም የምታጨሱ ከሆነ በስድስት ሳምንት አካባቢ ራጅ መደገም እንዳለበት ሐኪሙን ጠይቁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ከተቻለ መገጣጠም፣ መለካት፣ መቁረጫ መስመር ማስመር የመሳሰለውን ያዙ፣ ብየዳውን ለሌላ ተዉት፣ ያገገመ ሳንባ ወዲያው ጭስ እንዲገባበት አይፈለግም። ብየዳ በምትጀምሩበት ቀን ደሞ ባትሪውን አብሩና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እንደገና እዩ፣ እናንተ በሌላችሁበት ጊዜ ጠረጴዛው ተዘዋውሮ፣ መምጠጫው ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ማታ መስታወት ፊት ቆማችሁ ከአፍንጫችሁ ጎን ጥቁር መስመር መኖሩን ፈልጉ፣ ካለ በማግስቱ ማስኩን ሳታስተካክሉ አርክ አትጀምሩ።